ድድ የሚያደነዝዘው ቅባት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ የሰባት ወር የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። በእጃቸው ትንሽ ቱቦ ይዘዋል። «ሲስተር፣ ልጄ ከአሜሪካ የላከችው የጥርስ ቅባት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ በቀን ስንቴ ልቀባው?» አሉኝ።

ቱቦውን አነበብኩት፤ ቤንዞኬይን ይላል። «አንድም ጊዜ አይቀቡት» አልኳቸው።

ቤንዞኬይንና ሊዶኬይን ማደንዘዣዎች ናቸው። ነርቭ የሕመሙን ስሜት ወደ አንጎል እንዳያደርስ ያግዳሉ። የጥርስ ሐኪም ድድ ከመውጋቱ በፊት ይቀባቸዋል፤ ቁስል ሲሰፋም ሊዶኬይን በመርፌ እንሰጣለን። በባለሙያ እጅ፣ በልካቸው ሲሰጡ ባለውለታ ናቸው።

የሕፃን አፍ ግን ሌላ ነው። ቅባቱን ምራቅ ወዲያው ያጥበዋል። ልጁ እንደገና ሲያለቅስ እኛም እንደገና እንቀባለን፤ የታጠበው ሁሉ ይዋጣል። ጉሮሮው ከደነዘዘ ወተቱ ትን ሊለው ይችላል። ቤንዞኬይን አልፎ አልፎ ደም ኦክስጅን እንዳያደርስ ያደርጋል፤ ያኔ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልጁ ይፈዛል። ብዙ ሊዶኬይን የዋጠ ሕፃን ሊያንቀጠቅጠው፣ ልቡም ሊታወክ ይችላል። እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ቱቦውንም ይዛችሁ ሂዱ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራሱ በ2018 እ.ኤ.አ. ቤንዞኬይን ያለበት የጥርስ ቅባት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት መዋል እንደሌለበት አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ከውጭ የመጣ ነው» ብላችሁ አትተማመኑ። ለምትልኩም ልጆች፣ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ቱቦውን አንብቡ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ድዱን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ እየያዛችሁለት ያኝክ። ጡት አብዝታችሁ አጥቡት፤ እቀፉት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥርስ ማውጣት ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል። ከፍተኛ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን የጥርስ አይደሉም፤ ጤና ጣቢያ ይታዩ።

የጎረቤቴን የልጅ ልጅ ግንባር ስዳስሰው ይፋጃል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሲታይ ሌሊቱን ሲያስለቅሰው ያደረው ጆሮው ሆኖ ተገኘ። ጥርሱማ ገና አልበቀለም።