የሚጽፍ ሰው መጽሐፍ ይዝጋ?

አዳማ ውስጥ ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረ ወጣት በተደጋጋሚ የሚሰማው ምክር አለ፤ «የራስህን እስክትጨርስ የሰው መጽሐፍ አታንብብ» ይሉታል። ምክሩን የሚሰጡት ብዙዎቹ ራሳቸው የሚጽፉ፣ ለሥነ ጽሑፍ የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። ምክንያታቸውም የታወቀ ነው። ያነበብከው ወደ ብዕርህ ይገባል፤ ሳታውቀው በሌላ ሰው ድምፅ ትናገራለህ፤ አንባቢም «ይሄማ የእገሌ ነው» ብሎ ይጥልሃል። እኔ ይህን ምክር እቃወማለሁ። ስጋቱን ግን አልንቀውም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን በፍቅር አንብቦ የጨረሰ ወጣት ለተወሰነ ጊዜ እንደ ስብሐት ለመጻፍ ይሞክራል። የበዓሉ ግርማን ምልልስ የወደደም የራሱ ገጸ ባሕርያት በበዓሉ አነጋገር ሲመላለሱ ያገኛቸዋል። ይህ ጀማሪዎችን ብቻ የሚይዝ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊቷ ቨርጂኒያ ዉልፍ «ሚስስ ዳሎዌይ» የተባለው ልብ ወለዷ በታተመበት በ1925 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩን ማርሴል ፕሩስትን እያነበበች ነበር። ፕሩስት ተጽዕኖ እንደሚያሳድርባትና የራሷን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደሚያስጠላት በዕለት ማስታወሻዋ ላይ ጽፋለች። እንዲህ ያለች ደራሲ ከሰጋች፣ የመጀመሪያ መጽሐፉን የሚጽፍ የአዳማ ልጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዉልፍ ስጋቷን ጻፈች እንጂ ፕሩስትን ማንበብ አልተወችም።

መጽሐፍ የዘጋ ሰው ጆሮውን አልዘጋም። ከፍራንኮ ወደ ፖስታ ቤት በባጃጅ የሚሄድ የአዳማ ደራሲ በዚያች አጭር መንገድ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ጉራጊኛ ይሰማል፤ ባለባጃጁ የከፈተውን ሬዲዮ ይሰማል፤ ከጅቡቲ መስመር የተመለሰ የከባድ መኪና ሾፌር በስልክ ሲከራከር ይሰማል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ሀብት የለውም። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ስልኩ ይጠብቀዋል። ፌስቡክ ላይ የሚጣሉ ሰዎችን፣ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ቁንጽል ወሬን፣ ከቲክቶክ ቪዲዮ ሥር የተጻፈ ስድብን ሲያነብ ያመሻል። የሰው መጽሐፍ ላለማንበብ የወሰነ ሰው በየቀኑ ብዙ ያነባል ማለት ነው፤ የሚያነበው ግን ጻፊው ራሱ ሁለተኛ ያላየውን ጽሑፍ ነው። ያነበብነው ወደ ብዕራችን የሚገባ ከሆነ ይህም ይገባል። ጀማሪዎች በሚያሳዩኝ ረቂቅ ውስጥ እንደ ስብሐት ወይም እንደ በዓሉ የሚል ዓረፍተ ነገር አልፎ አልፎ አገኛለሁ። ከዚያ እጅግ የሚበዛው የማንም ያልሆነው፣ ሁሉም ሰው በየስልኩ የሚጽፈው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቅኔ ቤቶቻችን ከጥንት ጀምሮ መልስ ሰጥተውበታል። ዋሸራ ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ የቅኔ ተማሪ የሚውለው የሌላ ሰው ቅኔ ሲሰማ ነው። መምህሩ ይቀኛሉ፤ ሰሙንና ወርቁን ለይተው ያሳያሉ፤ የቀደሙ ሊቃውንት የተቀኙትን እየጠቀሱ ምሥጢሩን ይፈታሉ። ተማሪው ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ጥግ ይሄድና የራሱን ይቆጥራል፤ ያቀርባል፤ ይታረማል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ኑሮው ይኸው ነው፤ እየሰማ ይቀኛል፣ እየተቀኘም ይሰማል። «የራስህን እስክትጨርስ የመምህርህን ቅኔ አትስማ» የሚል የቅኔ መምህር የለም። በምትኩ አንድ ጥብቅ ሥርዓት አለ፤ ቅኔ አይደገምም። ለዛሬው በዓል የተባለው ለነገው አይሆንም፤ የሌላውን የራሱ አስመስሎ ያቀረበም ያፍራል። አባቶቻችን ከልክለው የነበረው መድገምን ነው። መስማትን እንዲያውም ግዴታ አደረጉት።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያስረዳልኝ ግን የዚሁ የከተማችን ልጅ ነው። ነቢይ መኮንን ናዝሬት፣ ማለትም በዛሬዋ አዳማ፣ ተወልዶ ያደገ ገጣሚ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ተርጓሚና ጋዜጠኛ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. አርፏል። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስሯል። በእስሩ ጊዜ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ከ1 ሺህ ገጽ በላይ ያለው ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ እጁ ገባ። ደብተር በሌለበት ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር። ወረቀቶቹ ወደ 3 ሺህ እንደሚጠጉ ይነገራል። ከእስር በሚለቀቁ ሰዎች በኩል ተደብቀው ወጡ፤ ነቢይ ሲፈታም ከያሉበት ለቅሞ ሰበሰባቸው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተሰኘው መጽሐፍ የተወለደው እንዲህ ነው።

«አታንብብ» የሚሉት ሰዎች ትክክል ቢሆኑ ኖሮ በነቢይ ላይ ከደረሰው የከፋ አደጋ አይኖርም ነበር። ገጣሚ ነው፤ ወጣት ነው፤ ብዕሩ ገና እየተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከአንድ መጽሐፍ ጋር ተዘግቶበት፣ የአንዲትን ሴት ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየተከተለ ኖረ። በእነሱ ስሌት ከእስር ቤት መውጣት የነበረበት የማርጋሬት ሚቼል ጥላ ነው። የወጣው ማን እንደሆነ ግን የአዲስ አድማስ አንባቢዎች ያውቃሉ። ነቢይ በዋና አዘጋጅነት በመራው በዚያ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጹን በአገራችን ተረት ከፍቶ በምሳሌያዊ አነጋገር መዝጋት መለያ ሆነ። አንበሳው፣ ጦጣው፣ ብልሁ ገበሬና ሞኙ ንጉሥ በየሳምንቱ ስለ ፖለቲካችን ተናገሩ። «ስውር ስፌት» በተሰኘው የግጥም መጽሐፉም ውስጥ የአሜሪካ ደቡብ ጥላ የለም፤ ያለው ነቢይ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ተርጓሚ እንደ ተራ አንባቢ መቸኮል አይችልም። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማል። ይህን የሚናገረው ማን ነው? ለምን ይህን ቃል መረጠ? ይህ ቁጣ አማርኛ ተናጋሪ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን ይላል? መልሱን የሚፈልገው ደግሞ ከገዛ ራሱ ነው፤ ከእናቱ ንግግር፣ ከሰፈሩ ጨዋታ፣ ልጅ ሆኖ ከሰማው ተረትና ቀረርቶ። ከ1 ሺህ ገጽ በላይ የሰው ታሪክ ሲመልስ የራሱን አማርኛ ከሥር እስከ ጫፍ ሲፈትሽ ኖረ ማለት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ሼክስፒርን፣ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ን፣ «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ የመለሰው የራሱን ተውኔቶችና ግጥሞች በሚጽፍባቸው ዓመታት ነበር። ከዚያ ሁሉ ሼክስፒር ይዞ የወጣው ዛሬ «የጸጋዬ ቤት» እያልን በስሙ የምንጠራውን የግጥም ምት ነው።

ስለዚህ የእኔ እምነት ይህ ነው። ድምፃችንን የሚወስድብን በግማሽ ልብ ያነበብነው መጽሐፍ ነው። በችኮላ ስናነብ ላይ ላዩን ያለው ይቀርብናል፤ ደራሲው የሚወደው ቃል፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋበት ልማድ፣ የቀልዱ ዓይነት። እነዚህ በቀላሉ ይጋባሉ። ቆም ብለን፣ ብዕር ይዘን፣ «ይህን እንዴት ሠራው?» እያልን ስናነብ ግን አሠራሩ ይገለጥልናል። አሠራር ደግሞ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንኛውም ባለሙያ ከሌላው እያየ የሚማረው ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ሰዓትና ምርጫ ለውጥ እንደሚያመጡ አምናለሁ። ሰዓቱ ቀላል ነው፤ አስቀድሞ መጻፍ፣ ከዚያ ማንበብ። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ ለሥራ የሚሆነው ማለዳው ነው። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ነፋሱም አቧራውን ሳያነሣ የራስን ገጽ ጽፎ መጨረስ፣ የሌላውን ለማታ ማቆየት። ኧርነስት ሄሚንግዌይ ስለ ፓሪስ ዘመኑ በጻፈው ትዝታ የዕለት ሥራውን ሲጨርስ ስለራሱ ጽሑፍ እንዳያወጣና እንዳያወርድ የሌሎችን መጽሐፍ ያነብ እንደነበር ይነግረናል። በማግስቱ ወደ ሥራው የሚመለሰው ያረፈ አእምሮ ይዞ ነው።

ምርጫውስ? ረቂቅ እየጻፉ ባሉበት ሰሞን በተመሳሳይ ጉዳይ፣ በተመሳሳይ ቋንቋ የተጻፈ ልብ ወለድን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ብልህነት ነው። ፈረንሳዊው ስታንዳል «የፓርማው ገዳም» የተባለውን ልብ ወለዱን በ1838 እ.ኤ.አ. በ52 ቀናት ሲጽፍ፣ በየማለዳው ከአገሩ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት ገጾች ያነብ እንደነበር ለባልዛክ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል። ከሕጉ የፈለገው ያልተኳለ፣ ቀጥ ያለ አነጋገር ነበር። እኛ ደግሞ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት የመዘገቡት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» አለን። ልብ ወለድ ስላልሆነ የማንንም ሴራ አያበድረንም፤ የሚሰጠን የሚናገር፣ የሚተነፍስ፣ ከአፍ የወጣ አማርኛ ነው። ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው ከእሱ የተሻለ የማታ ጓደኛ አላውቅም።

የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደራሲ በዚህ ረገድ ሌላው የሌለው ዕድል አለው፤ በሁለት ቋንቋ መኖር። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በአፋን ኦሮሞ ቢያነብ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍም በአማርኛ ቢያነብ፣ የሚወስደው ቃሉን መሆኑ ይቀርና አስተሳሰቡ ይሆናል። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ አስቴር በቃል ከምታውቀው የተሰበሰቡ ብዙ የሕዝብ ዘፈኖችና ተረቶች አሉ። አማርኛ ልብ ወለዱን አርሲ ወይም ምሥራቅ ሸዋ ላይ የሚያቆም ደራሲ ይህን ቅርስ ሳያውቅ የገጸ ባሕርያቱን ልብ ያውቃል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ረቂቁ አልቆ እርማት ሲጀመር ደግሞ መጋረጃው ሁሉ ይነሣ። ያን ጊዜ በዘርፉ ምርጥ የሆነውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ የራስን ድካም የሚያሳየው እሱ ነውና። ታሪኩ ቆሟል፤ ገጸ ባሕርያቱ ነፍስ ዘርተዋል፤ ከእንግዲህ የሌላ ደራሲ ኃይል አያፈርሳቸውም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ወደ ገዛ ረቂቁ የተመለሰ ሰው የትኛው ምዕራፍ እንደሰነፈ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

«ምረጥ» ማለት ግን መጽሐፍ ላለበት ሰው ነው። መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ ወይም ወለንጪቲ ለሚኖር ወጣት መጽሐፍ እንደልብ አይገኝም፤ ዋጋውም ከአቅም በላይ ሆኗል። መንገድ ዳር ከተነጠፉት ያገለገሉ መጻሕፍት መካከል የሚያገኘው ዕድል የጣለለትን ነው። ለዚህ ወጣት «እየጻፍክ አታንብብ» ማለት በጣም ያሳዝነኛል። ሳይወድ በግድ የተነፈገውን ነገር እንደ ጥበብ እንዲቀበለው መምከር ነውና። መምህራን የትምህርት ቤታቸውን ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ከመሳቢያ ያውጡ። ታትሞ የወጣ ደራሲም መደርደሪያውን ለሰፈሩ ልጆች ይክፈት። የሚጽፉ ጓደኛሞች አንድ መጽሐፍ ገዝተው በየተራ ያንብቡ፤ እንደ ቅኔ ቤቱም በማግስቱ እያንዳንዱ የራሱን አዲስ ገጽ ይዞ ይምጣ።

ወጣቱስ? በእጅህ ያለው አንድ የተዋስከው መጽሐፍ ብቻ ከሆነ እሱን በደንብ አንብብ። የወደድከውን ገጽ ከሌላ ቋንቋ ከሆነ ወደ አማርኛ መልሰው፤ በአማርኛ ከሆነ ወደ አፋን ኦሮሞ መልሰው፤ ሁለቱም ካልሆነልህ መጽሐፉን ከድነህ ያንኑ ትዕይንት በእናትህ አነጋገር ጻፈው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። የሚለያዩበት ቦታ ያንተ ነው፤ እዚያ ላይ ሥራ። የናዝሬቱ ልጅ ይህን ያደረገው በአንድ መጽሐፍና በሲጋራ ወረቀት ነበር። አንተ ደብተር አለህ።