ለአሮጌዋ ፒክ አፕ የሚስማማ ሞተር ፍለጋ፦ ለገጠሩ ምን ማለት ነው?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነጠላ ጋቢና ያላት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ሰሌዳዋ «አማ» ይላል። ባለቤቷ ከሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢ ድንችና ገብስ ወደ ከተማ፣ በመልሱ ደግሞ ለገበሬው የሚያስፈልገውን ዕቃ ወደ ገጠር ለዓመታት አመላልሰውባታል። ባለፈው ክረምት ዳገት ላይ ውኃ ጨርሳ ሞተሯ ነከሰ። ሻንሲዋ ጤነኛ ነው፤ ካምቢዮዋም አልተነካም። የጎደላት ሞተር ብቻ ነው። ይህ «ብቻ» የተባለው ነገር ግን ባለቤቷን ከጋራዥ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ ጋራዥ ሲያመላልሳቸው ሰንብቷል።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ችግር ቢመስልም የብዙዎች ነው። የጭነት መኪና በማይደርስበት የቀበሌ መንገድ ወተት የሚያወጣው፣ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው፣ ለሠርግና ለለቅሶ ሰው የሚያጓጉዘው እንዲህ ያለው ያረጀ ፒክ አፕ ነው። እርሱ ሲቆም አብሮት የሚቆመው የአካባቢው ገበያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን አማራጩ ቀላል ነበር፤ አሮጌውን ሸጦ፣ ጥቂት ጨምሮ የተሻለ መግዛት። ዛሬ ይህ መንገድ ጠቧል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ውሳኔው የገጠሩን ፒክ አፕ በስም ባይጠራም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ በነዳጅ የሚሠራ ተሽከርካሪ የሚገባበት በር እየጠበበ ነው። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይት በገበያ እንዲመራ ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ዕቃ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ የፋሻውም፣ የብሮንዚኑም፣ የሙሉ ሞተሩም ዋጋ አብሮ ወጣ። በሀገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪናም ተወደደ። በዚህ ምክንያት የአሮጌ መኪና ዕድሜ የሚወሰነው በተመረተበት ዓመት ሳይሆን የሚስማማው ሞተር በመገኘቱ ሆኗል።

ባለቤቱ ፊት ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው የነከሰውን ሞተር ማደስ ነው። ሲሊንደሩ በቶርኖ ቤት ይሰፋል፤ ኮላዶካው ይስተካከላል፤ ፒስተን፣ ፋሻና ብሮንዚን ይቀየራል፤ ቴስታታው ተሰንጥቆ እንደሆነ ይመረመራል። ብሎኩ ካልተሰነጠቀና ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት እስከ መጨረሻው ልክ ካልሰፋ ይህ መንገድ የታመነ ነው፤ የሞተር ቁጥሩም አይለወጥም። ሁለተኛው ተመሳሳዩን ሞተር ያገለገለ አግኝቶ መግጠም ሲሆን፣ ሦስተኛው ሌላ ዓይነት ሞተር ማስገባት ነው።

ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ከኮልፌ ብዙም ወደማይርቀው መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ከተፈታ መኪና የወጣም፣ ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባም ሞተር ይገኛል። ሻጩ «ልክ ነው፣ ይገባል» ይላል። «ይገባል» እና «ይስማማል» ግን አንድ አይደሉም።

የድሮዎቹ ናፍጣ ሃይሉክሶች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ሞተሮቻቸው «ኤል» ከሚባል አንድ ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። 2ኤል 2.4 ሊትር፣ 3ኤል 2.8 ሊትር፣ 5ኤል ደግሞ 3 ሊትር ገደማ ነው። ሦስቱም ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆኑ በአካል እጅግ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ 2ኤል የነበረው መኪና 3ኤል ወይም 5ኤል መቀበል አይቸግረውም። የከተማችን ሚኒባስ ታክሲዎች የሆኑት ሃይየሶችም እነዚህኑ ሞተሮች ስለተሸከሙ በገበያ ውስጥ ዕቃቸው አይጠፋም። ሆኖም ከሃይየስ የወጣ ሞተር ሃይሉክስ ላይ ሲመጣ የዘይት ማጠራቀሚያው ቅርጽና ሞተሩ የሚቀመጥባቸው እግሮች ሊለያዩ ይችላሉ። ልምድ ያለው መካኒክ ከአሮጌው ሞተር እነዚህን ፈትቶ ወደ አዲሱ የሚያዛውረው ለዚህ ነው። አሮጌውን ሞተር ቀድሞ በኪሎ ለቁራሌው የሸጠ ሰው ይህን ዕድል ያጣል።

ወጥመዱ ያለው ስማቸው በሚመሳሰሉ ሞተሮች ላይ ነው። ከ5ኤል ቤተሰብ ነዳጁ በኮምፒውተር የሚመጠን ዓይነት አለ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት «ዲ ፎር ዲ» የሚባሉትም ያለ ኮምፒውተራቸው፣ ያለ ሽቦአቸውና ያለ ሴንሰራቸው አይሠሩም። ሞተሩ ብቻውን ተቆርጦ ከመጣ ብረት ነው። ተሟልቶ ቢገጠም እንኳ በወረዳ ከተማ የሚጠግነው ሰውና የሚመረምረው መሣሪያ ላይገኝ ይችላል። በአንጻሩ የድሮው ፖምፓ በመፍቻ የሚስተካከል ነው። ለገጠር የሚስማማ ሞተር ማለት ተበላሽቶ በቆመበት ቦታ የሚጠገን ማለት ነው። ጉልበቱ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር ነው።

በግብርና ኮሌጅ ከምንማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ዘር ለሥነ ምህዳሩ ይመረጣል የሚለው ነው፤ ለቆላ የወጣ ዝርያ ደጋ ላይ ምርት አይሰጥም። ሞተርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ ሀገር ሲሠራ የኖረ ሞተር የነዳጅ መጠኑ ሳይስተካከል ደጋ ላይ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ናፍጣ ይበላል፤ ዳገት ላይ ይደክማል። ባለቤቱ «የሞተ ሞተር ሸጡልኝ» ብሎ ከመክሰሱ በፊት ፖምፓው መስተካከሉን ማየት ይኖርበታል። ሊትሩ ከፍ ያለ ሞተር ሲገባም ራዲያተሩና ፍሪሲዮኑ ይችሉት እንደሆነ መታየት አለበት፤ ፍሬኑ የድሮው ሆኖ ጉልበቱ ብቻ ቢጨምር አደጋው ቁልቁለት ላይ ይመጣል።

ሌላው መስማማት ከሕግ ጋር ነው። የሞተር ቁጥር እንደ ሻንሲ ቁጥር ሁሉ በሊብሬ ላይ የሰፈረ የመኪናው መታወቂያ ነው። ሞተር ተቀይሮ ቁጥሩ ሳይመዘገብ ከቀረ ችግሩ በቦሎ ምርመራ፣ በሽያጭ ወይም በኢንሹራንስ ካሳ ጊዜ ይገለጣል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሞተሩን ምንጭ የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠይቅ ይገባል፤ ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ከሀገር ውስጥ መኪና የወጣ ከሆነ ሕጋዊ የሽያጭ ውልና ደረሰኝ። ያለ ወረቀት የተገዛ ርካሽ ሞተር የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ገዢው ገንዘቡንም መኪናውንም ሊያጣ ይችላል።

አዲስ መኪና ማግኘት በከበደበት ሀገር የሚሆነውን ኩባ አሳይታለች። የአሜሪካ ማዕቀብ ከተጣለ በኋላ መለዋወጫ ያጡ የድሮ የአሜሪካ መኪኖች የሶቪየትና የሌሎች ሀገራት ሞተሮች እየተገጠሙላቸው ለአሥርት ዓመታት ቀጥለዋል። የመካኒኮቹ ብልሃት ሀገሪቱን አንቀሳቅሷታል፤ ዋጋው ደግሞ ጭሱና የደኅንነት ጉድለቱ ነው። በእኛም ሀገር ሞተር መቀየሩ አይቀርም። ልዩነት የሚያመጣው በሥርዓት መመራቱ ነው።

የመንግሥት ምክንያት መሠረት የሌለው አይደለም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን እዚሁ ይመነጫል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን የኃይል መሙያ ጣቢያና የኤሌክትሪክ መኪና ጠጋኝ ከአስፋልቱ አልፎ ወደ ቀበሌ መንገድ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ ምርቱን የሚያወጣው አሮጌው ናፍጣ ፒክ አፕ ነው። ይህን የሽግግር ጊዜ ታሳቢ ያደረገ አሠራር ሊኖር ይገባል፤ ያገለገለ ሞተር ሲሸጥ የምርመራ ውጤቱ አብሮ ቢሰጥ፣ የሞተር ለውጥ ምዝገባ በዞን ከተሞች ቀልጣፋ ቢሆን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ሞተር የሚያድስ ባለሙያ በብዛት ቢያወጡ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ለብዙዎች ነው።

የሃይሉክሷ ባለቤት በመጨረሻ ርካሹን ባለ ኮምፒውተር ሞተር ትተው ማስረጃ ያለው 3ኤል መርጠዋል። ከመክፈላቸው በፊት መካኒካቸው የአራቱንም ሲሊንደር ግፊት ለክቶ ተቀራራቢ መሆኑን አረጋግጧል። አሮጌው ሞተር አልተሸጠም፤ እግሮቹ ተፈትተው ለአዲሱ እየተዘጋጁ ነው። በጋው ሳይጋመስ ወደ ደጋው እንደሚመለሱ ተስፋ አድርገዋል፤ ድንቹ ከማሳ ወጥቷል፤ የሚጠብቀው መኪና ነው።