የጾም ዘይት እና የአንጎል ኢንዛይሞች

በኢትዮጵያ ስለ ምግብ ዘይት የሚደረገው ክርክር ለዓመታት በዋጋና በአቅርቦት ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። የዘይቱ ዓይነት ግን ከኪስ አልፎ እስከ አንጎል የሚዘልቅ ጉዳይ ነው።

የነርቭ ሕዋስ ሽፋን በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ነው። ሶዲየምን አውጥቶ ፖታሲየምን የሚያስገባው ኢንዛይም በዚሁ ሽፋን ውስጥ ተሰክቶ ይሠራል፤ ከአንጎል ኃይልም ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ኦሜጋ-3 እምብዛም የሌለበትን የሱፍ አበባ ዘይት የተመገቡ አይጦች የአኩሪ አተር ዘይት ከተመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የዚህ ኢንዛይም ሥራ በነርቭ ጫፎቻቸው በጉልህ ቀንሶ ተገኝቷል። የአይጥ ውጤት እንዳለ ለሰው አይወሰድም፤ አቅጣጫ ግን ይጠቁማል።

የኑግ ዘይትም እንደ ሱፍ አበባው በኦሜጋ-6 የበለጸገ ነው። ከተልባ ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ-3 ነው። ሁለቱ ስቦች ሰውነት ውስጥ ዴልታ-6 ዲሳቹሬዝ ለተባለ አንድ ኢንዛይም ይሻማሉ፤ ኑጉ ሲበዛ የተልባው መንገድ ይጠባል። መንገዱ ክፍት ቢሆን እንኳ ከተልባ ተነሥቶ አንጎል የሚሻውን ዲኤችኤ እስከ መሆን የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። እንቁላልንም ዓሣንም ለሚተው ጿሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው ጾምን መንቀፍ አይደለም። ከሎረል ጥቂት ማይል ርቃ በምትገኘው ኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው ማርቴክ ዲኤችኤን ከጥቃቅን አልጌዎች ማምረት ችሎ፣ ምርቱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአሜሪካ የሕፃናት ዱቄት ወተት ውስጥ ገብቷል። ምንጩ እንስሳ ስላልሆነ ከጾም ሥርዓት ጋር አይጋጭም።

የአልጌ ዘይት ለድሃ ቤተሰብ ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ስለዚህ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል፦ በቅድሚያ አገር ያበቀለው ተልባ በገበታ ላይ ቦታው ይስፋ፤ ቀጥሎ የዘይት መለያ ጽሑፎች የስቡን ዓይነት ይናገሩ፤ የአልጌው ዲኤችኤ ደግሞ በመንግሥት ድጎማ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ይድረስ። በሎረልና በአካባቢው ያለው የዲያስፖራ ባለሙያ ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፦ ቴክኖሎጂው ጎረቤቱ ነው፤ ጿሚዋ እናት ደግሞ ወገኑ ናት።