በሆስፒታል ደጅ የሚያልቅ ፈቃድ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት ሦስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ አለው። እናቲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታገኛለች። አዋጁ በምጥ የወለደችውንም በኦፕራሲዮን የወለደችውንም አልለየም። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ሆስፒታል ትቆያለች። እሷ ተደግፋ ከመኪና ስትወርድ የባሏ ፈቃድ አልቋል ማለት ነው። እንዲህ ላለው አባት ፈቃዱ ከሁለት ሳምንት ማነስ የለበትም።

ይህች ሴት አራስ ብቻ አይደለችም፣ ሆዷ የተከፈተ ታካሚም ናት። ከአልጋ ቀጥ ብላ ልነሣ ብትል ስፌቱ አያስነሣትም፤ በጎኗ ዞራ፣ እግሯን አውርዳ፣ ፍራሹን በክንዷ ገፍታ ነው የምትቀመጠው። ሳል ሲመጣባት ትራስ ሆዷ ላይ ትይዛለች። ለሳምንታት ከልጇ የሚከብድ ነገር እንዳታነሣ ትመከራለች፤ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን የሚታሰብ አይደለም። ሌሊት ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር አንሥቶ ጎኗ የሚያደርግላት ሰው ያስፈልጋታል። ስፌቱ ከሆዷ በታች ስለሆነ ራሷ በደንብ አታየውም፤ መቅላቱን፣ መግል መያዙን ሌላ ዓይን ነው የሚያይላት። ትኩሳት ቢነሣ፣ አንድ እግሯ ቢያብጥ ወይም ደሙ ቢበረታ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚወስዳት ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እናትና ልጅ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ቀጥሎም ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። ሁለት ሳምንት ያልኩትም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

«እናቷ አለች፣ አማቷ አለች፤ ወንድ አራስ ቤት ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። የአራስ ወጋችን ትልቅ ሀብት መሆኑን አልክድም። አራስን ከሥራ ነፃ አድርጎ ገንፎና አጥሚት እያበሉ እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ መጦር ብዙ አገር የሌለው ነገር ነው። ነገር ግን ወጉ የተሠራው በምጥ ለወለደች ሴት ነው። «ተኚ፣ አትነሺ» ይላል፤ ሐኪም ደግሞ ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ ኦፕራሲዮን የሆነችው በማግሥቱ ቀስ ብላ እንድትራመድ ይፈልጋል። ከክፍለ ሀገር የመጣች እናት ገንፎውንና ጠያቂውን ይዛ ትውላለች፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ልጇን ደግፋ ማውጣት ግን ከጉልበቷ በላይ ነው። ደግሞም ጠያቂ በተደራረበበት ቀን «ዛሬ ተኝታለች፣ ሌላ ጊዜ» የማለት ነገር አለ። አማት ብትለው ኩሩ ትባላለች፤ ባል ሲለው ማንም አይቀየምም።

አሠሪዎች ወጪውን ያነሣሉ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦፕራሲዮን የተወለዱት በአገር ደረጃ 2 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከአምስት አንድ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ቢጨምርም አንድ ሠራተኛ በዕድሜው ስንት ጊዜ ይወልዳል? «የዓመት ፈቃዱን ይውሰድ» ለሚሉም፣ ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ ምን ፈቃድ አለው? ፈቃዱን ከጓደኞቹ ጋር «እንኳን ደስ አለህ» ሲባል የሚጨርስ አባት መኖሩ እውነት ነው። በእሱ ጥፋት ግን ስፌት ያለባት ሴት መቀጣት የለባትም፤ ማጭበርበርም ቢፈራ ኦፕራሲዮን የሆስፒታል ወረቀት ያለው ነገር ነው።

አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅም ግድ አይደለም። ሦስት ቀን ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ነው፤ የኅብረት ስምምነት ከዚያ የተሻለ መስጠት ይችላል። የሠራተኛ ማኅበራት በሚቀጥለው ድርድር ይህችን አንድ መስመር ይዘው ይቅረቡ።