ይነቀል ከማለታችን በፊት

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሽ የተነሣው ክርክር ነው። እኔ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ስለ ሆንሁ ጓደኞቼ በቀልድ «ጥርስ ነቃዩ» ይሉኛል። በዚያ ምሽት ግን ቀልዱ ወደ ቁም ነገር ተለወጠ። አንድ የኤኮኖሚክስ ተማሪ፣ እርሱም እንደ እኔ የጎጃም ልጅ ነው፣ «እናት በወሊድ በምትሞትበት፣ ሕፃን በወባ በሚቀጠፍበት አገር ስለ አንድ ልጅ የፊት ጥርስ ማውራት የከተማ ቅብጠት ነው» አለ። ብዙዎችም ደገፉት። በዚያን ሰዓት ከቁጣ በቀር መልስ አላገኘሁም ነበር፤ መልሱን እነሆ ዛሬ እጽፋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ በገና ጨዋታ ላይ ሩሩ መጥቶ አፉ ላይ አረፈ። ከላይኛዎቹ ሁለት የፊት ጥርሶች አንዱ እኩሌታው ተሰበረ። ደሙ ሲቆም ነገሩ ተረሳ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ድዱ አብጦ መግል ቋጠረ፤ እናቴም ይዛው ወደ ሕክምና ሄደች። የሄደችበትን ቦታ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ያከመውም ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። አፉን አስከፍቶ አየና «ይነቀል» አለ። እናቴም፣ «አንቱ ዶክተር፣ ይኸ እኮ የወተት ጥርሱ አይደለም፤ እሱንማ ጣራ ላይ ወርውረነዋል» አለችው። ሰውየው ፈገግ አለ፤ ጥርሱም ተነቀለ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዛሬ ልጁ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። መንደሩ «ወላቃው» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሲስቅ በመዳፉ አፉን ይሸፍናል፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እጁን አያነሣም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው፤ ይህን ያልሁት ለቀልድ አይደለም። የላይኛው የፊት ቋሚ ጥርስ በሰባት ዓመት ገደማ ድድን ቀድዶ ይወጣል፤ ለሚያየው ሰው ተሠርቶ ያለቀ ይመስላል። ዳሩ ግን ከድድ በታች ያለው ሥር ገና አላለቀም፤ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ያህል ይቀረዋል። በዚህ ጊዜ ግድግዳው እንደ ሸምበቆ ስስ ነው፤ ጫፉም ወደ አጥንቱ የተከፈተ ሰፊ ቀዳዳ ነው። ሥሩን የሚያሳድገው በውስጡ ያለው፣ ደም ሥርና ነርቭ የሞላበት ለስላሳ ሥጋ ነው። ጥርሱ ተሰብሮ ተሕዋስያን ገብተው ይህ ሥጋ ሲሞት፣ ግንበኛው እንደ ሞተበት ቤት ሥራው ባለበት ይቆማል። ለአዋቂ ሰው የሚደረገው የተለመደው ሩት ካናል ውስጡን ጠርጎ በጎማ መሰል ነገር መድፈን ነው። ጫፉ ላልተዘጋ ሥር ግን ይህ ቂጥ የሌለውን ማሰሮ ለመሙላት እንደ መሞከር ያለ ነው። ስለዚህ «ይነቀል» ማለት ይቀላል።

የቀድሞዎቹ ሐኪሞች መላ አላጡለትም። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ እየሞሉና እየለወጡ፣ ጫፉ ጠንክሮ እስኪዘጋ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይጠብቁ ነበር። ጫፉ ቢዘጋም ሥሩ አጭርና ስስ እንደ ሆነ ይቀራል፤ መድኃኒቱም ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጥርሱን የሚያደክመው መሆኑ ታውቋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ኒጎርድ ኦስትቢ የተባለ የኖርዌይ ሰው፣ በተጠረገው ሥር ውስጥ ደም ቢረጋ ሥጋ ይበቅልበት እንደ ሆነ መመርመር ጀመረ። ሐሳቡ አርባ ዓመት ያህል ተኝቶ ከቆየ በኋላ በ2001 ኢዋያና ባልደረቦቹ ከጃፓን፣ በ2004 ደግሞ ባንክስና ትሮፕ ከአሜሪካ፣ ሥሩ ሳያልቅ የሞተ የልጅ ጥርስ እንደገና ሲያድግ በራጅ አሳዩ።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ግድግዳውን ሳይፍቅ ሥሩን በቀጠነ በረኪና ያጥባል፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም የአንቲባዮቲክ ቅባት አስቀምጦ ያሽጋል። ልጁ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። መግሉና እብጠቱ ከጠፋ፣ አድሬናሊን የሌለበት ማደንዘዣ ይወጋል፤ አድሬናሊን ደም ያቆማልና፣ እዚህ ግን የሚፈለገው ደሙ ራሱ ነው። ከዚያም በቀጭን ፋይል ከሥሩ ጫፍ ጥቂት አለፍ ብሎ ይነካካል። ደሙ ወደ ባዶው ሥር ገብቶ ይረጋል፤ ከደሙም ጋራ በጫፉ አካባቢ ከጥፋት የተረፉት ሥር ሠሪ ሕዋሶች ይገባሉ። ከላይ ኤም ቲ ኤ በሚባል ልዩ ሲሚንቶ ይሸፈንና ጥርሱ ይደፈናል። በ6፣ በ12ና በ24 ወር ራጅ ይነሣል።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ የዕቃው ስም ዝርዝር ነው። በረኪና! ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የምንለውስ ምንድን ነው? ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ውሃ ሲነካው የሚሆነው አይደለምን? ኤም ቲ ኤም ቢሆን በካሊፎርኒያ በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲታሰብ መነሻው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነበረ፤ ያ ቤት የምንሠራበት። አራተኛው የልጁ የራሱ ደም ነው። (ከጓዳ በረኪና አንሥቶ የሚሞክር ቢኖር ወንጀለኛ ነው፤ መጠኑም ንጽሕናውም ሌላ ነው።) ለማለት የፈለግሁት ይህ ሕክምና በአንዳንዶች አፍ እንደሚነገረው የጨረቃ ጉዞ አለመሆኑን ነው። የሚጠይቀው ራጅ፣ ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ ቀጭን ላስቲክ፣ ኤም ቲ ኤ፣ የተማረ እጅና የልጁ ተመልሶ መምጣት ነው። ከእነዚህ ውድ የሆነው ኤም ቲ ኤው ቢመስለንም፣ ለእኛ አገር ውዱ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ ለተቃዋሚዎቼ አንድ ነገር መስጠት ይገባኛል። በሥሩ ውስጥ የሚበቅለው ሥጋ የቀድሞው የጥርስ ሥጋ አይደለም፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ አጥንት ወይም የሥር ሽፋን የሚመስል ነገር ነው። ሥሩ በአንዱ ልጅ ያድጋል፣ በሌላው አያድግም። ሚኖሳይክሊን ያለበት ቅባት ጥርሱን ያጠቁራል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ጫፉን በኤም ቲ ኤ መድፈንን ይመርጣሉ፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ያልቃልና። በእኔ አስተያየት የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ሥሩ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ከሆነ፣ ኤም ቲ ኤው ይበቃዋል። ሥሩ ገና አጭር ለሆነው ለስምንት ዓመቱ ልጅ ግን ደሙን መሞከር ይሻላል፤ ባይሳካ መድፈኑ በኋላም ይቻላልና። የተነቀለውን ግን ማንም አይመልሰውም። አጥንቱ ይሟሽሻል፤ ብሎን የሚመስለው ሰው ሠራሽ ጥርስም ልጁ አድጎ እስኪጨርስ አይተከልለትም።

ወደ ቦታው ልመለስ። በደጋ ዳሞት ወይም በወምበርማ ገጠር ያለ ልጅ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ መድረሱ ራሱ የቀን ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ድረስ ይሂድ ብትሉት ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላን አልፎ ነው፤ እርሱም ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ለራጁ ሦስት ጊዜ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ የተዘጋባቸውን ሳምንታት ደግሞ ቤተ ሰቦቻችን ያውቋቸዋል። በሽተኛው ወደ ሐኪሙ ይምጣ የሚለው አሠራር ለዚህ ልጅ አይሆነውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መግለጫ በአፍሪካ ክፍል ለ10,000 ሰው 0.33 የጥርስ ሐኪም ብቻ እንዳለ ጽፏል፤ ይኸውም ለ30,000 ሰው አንድ ሐኪም መሆኑ ነው። ይህም ከተማውንና ገጠሩን ደባልቆ ነው።

ዳሩ ግን ይህች አገር እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማት የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅም ተብሎ ነበር ጤና መኰንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ተምረው ወደ ገጠር የወጡት። የጥርሱም ነገር እንደዚያው ቢታሰብ ምን ይጎዳል? ሙሉው ሕክምና በፍኖተ ሰላም በመሰለ ከተማ ሆስፒታል ይሠራ፤ በጤና ጣቢያ ያለው ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይወቅ።

አንደኛው፣ ጥርሱ እንደ ተሰበረ፣ ሥጋው ሳይሞት መድረስ ነው። ስቬክ የተባለ የስዊድን ሐኪም በ1978 ባሳተመው ጥናት፣ ሥጋቸው ከተጋለጠ 60 የተሰበሩ የፊት ጥርሶች ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቆርጦ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሸፈናቸው፤ 96 ከመቶው ዳኑ። ይህ ከደም ማርጋቱ ይቀላል፣ ይበልጣልም። ወንድሜ በዚያ ሳምንት ቢደረስለት ኖሮ የቀሩት ገጾች ሁሉ ባላስፈለጉ ነበር። ሁለተኛው፣ መግል የቋጠረ የልጅ የፊት ጥርስ ሲያይ ጉጠቱን ከማንሣቱ በፊት «ዕድሜው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና ወደሚችል ሰው መላክ ነው።

ለእረኛውና ለመምህሩም የሚነገር አለ። በአህያ ርግጫ ወይም ከዛፍ በመውደቅ ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ቢወልቅ፣ ሥሩን ሳይነኩና ሳይፍቁ ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ፤ ይህ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ጨምሮ መሮጥ ነው። የተሻለው ከአንድ ሰዓት በፊት መድረስ ነው። ወተት ደግሞ በጎጃም ገጠር ከመድኃኒት ቤት ይልቅ ቅርብ ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ከሥሩ ያለውን ይጎዳል።

አሁን ለኤኮኖሚክሱ ጓደኛዬ። ወንድሜን ጥርስ አጥቶ አልሞተም ልትለኝ ትችላለህ፤ እውነት ነው፣ አልሞተም። ነገር ግን የባላገር ልጅ ካልሞተ በቀር ሕመሙ አይቆጠርም የሚለውን ሒሳብ የት ተማርኸው? አንተ ራስህ ስትስቅ አፍህን አትሸፍንም። እናትን ከሞት ለማዳን የምትሠራው መንገድ፣ የምታስገባው መብራት፣ የምትቀጥረው ሰው ለዚህም ልጅ ያገለግላል፤ አንዱ ከአንዱ ጉሮሮ የሚነጥቅ አይደለም።

በመጪው ክረምት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ጅጋና ወደ ደንበጫ የምንወርድ ተማሪዎች አለን። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የሚለጠፍ፣ ስለ ተሰበረና ስለ ወለቀ ጥርስ የሚናገር አንድ ገጽ በቀላል አማርኛ አዘጋጅቻለሁ፤ መምህሮቼም አርመውታል። ይዞ የሚወርድ ስሙን በኅብረቱ ቢሮ በር ላይ በለጠፍሁት ወረቀት ይጻፍ። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አራት ስም ብቻ ሰፍሮበታል።