«ኦሪጅናሉ የእኛ ነው» የሚለው ሙግት ማንን ይጠቅማል?

ሁለት የኩንግ ፉ ቤቶች አንድ ስም ያለው ፎርም ይሠራሉ። አንዱ ጡጫውን ጨብጦ፣ ሌላው መዳፉን ዘርግቶ። አንዱ እግሩን አስፍቶ ዝቅ ይላል፣ ሌላው ጠበብ አድርጎ ይራመዳል። ቪዲዮዎቹ ጎን ለጎን ይለጠፋሉ፤ ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፦ «የነሱ የተበላሸ ነው፤ ኦሪጅናሉ የእኛ ነው።» ማስረጃ ሲጠየቅ የመምህራን ስም ይደረደራል። እገሌ ከእገሌ ተማረ፣ እገሌም ከእገሌ። ከላይ ጫፉ ላይ አንድ መነኩሴ ወይም አንድ የተራራ ባሕታዊ ይቀመጥና ክርክሩ ይዘጋል።

ይህን ንጽጽር ብሎ መጥራት ስም ማባከን ነው። የውርስ ክስ ቢባል ይሻለዋል። በውርስ ክስ ላይ መሬቱ ምን እንደሚያበቅል የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ካርታው በማን ስም እንደወጣ ብቻ ነው።

ችግሩ የኩንግ ፉ ታሪክ ለዚህ ክስ አለመመቸቱ ነው። ማስረጃው በተገላበጠ ቁጥር «ኦሪጅናል» የተባለው ነገር እየራቀ ይሄዳል።

1. አንድ ስም፣ አራት መልክ

ታይ ቺ ጥሩ ማሳያ ነው። በዋና ዋና ቅርንጫፎቹ ሁሉ «ነጠላ ጅራፍ» የሚባል እንቅስቃሴ አለ። በቼን ቤት ወገብ እየተጠማዘዘ ክንዶች በሰፊው ይከፈታሉ። በያንግ ቤት ቀኝ እጅ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፣ ግራ መዳፍ ወደፊት ይገፋል፣ የፊት ጉልበት ይሰበራል። በዉ ቤት አቋሙ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ይመስላል። በሱን ቤት ደግሞ መንጠቆው ጭራሽ የለም፤ ሁለቱም መዳፎች ክፍት ናቸው።

ታዲያ የተበላሸው የትኛው ነው? መልሱ፦ የትኛውም። እያንዳንዱ ልዩነት አድራሻ አለው። ያንግ ሉቻን (1799–1872) ትምህርቱን ያገኘው በሄናን ግዛት ከምትገኘው የቼን ቤተሰብ መንደር ነው፤ ከዚያም ወደ ቤጂንግ ወሰደው። የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ (1883–1936) ዝግ ያለና ወጥ አድርጎ ለሕዝብ አሰራጨው። ሱን ሉታንግ ታይ ቺ ከመማሩ በፊት በሺንግዪና በባጓ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። የኋላ እግሩ የፊቱን እየተከተለ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ሺንግዪ የሰጠው እርምጃ ነው። ይህ ሰው ያወቀውን በሌላ ካወቀው ጋር አዋሐደ እንጂ ምንም አላበላሸም።

የቼን ቤተሰብ ተወላጁ ቼን ፋኬ እ.ኤ.አ. በ1928 ቤጂንግ ሲደርስ የሆነውም ትምህርት ነው። የከተማው ሰው የለመደው ዝግ ያለውን የያንግ ታይ ቺ ነበርና መሬት የሚደበድበው፣ ድንገት የሚፈነዳው የቼን አሠራር እንግዳ ሆነበት። ያንግ ሉቻን የተማረው ከዚሁ መንደር ቢሆንም፣ ልጅየው ቀድሞ ከተማ ገብቶ ስለነበር አባትየው እንግዳ ሆኖ ተቀበሉት ማለት ነው። «የለመድኩት ኦሪጅናሉ ነው» የሚል ሰው ይህን ታሪክ ደጋግሞ ቢያስበው ይጠቅመዋል።

ያንግ ቼንግፉ ራሱ እንኳ አንድ ዓይነት አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ ቼን ዌይሚንግ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ያሉት የመምህሩ ፎቶዎችና በ1934 በራሱ በያንግ ቼንግፉ ስም በወጣው መጽሐፍ ያሉት አቋማቸው ይለያያል። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ ተለውጧል። የረጅሙ የያንግ ፎርም ቁጥር እንኳ አንዱ ጋ 85፣ ሌላው ጋ 103፣ ሌላው ጋ 108 ነው። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው ከአቆጣጠር ነው፤ ድግግሞሹን ማን እንዴት ቆጠረው በሚለው። ሰዎች ግን በዚህ ቁጥር ላይ ጓደኝነት አፍርሰዋል።

2. ምንጩም ቅይጥ ነው

«እሺ፣ ቅርንጫፎቹ ይለያዩ፤ ሥሩ ግን አንድ ነው» የሚል ይኖራል። ሥሩም ይታይ።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚንግ ሥርወ መንግሥት ጄኔራል የነበረው ቺ ጂጓንግ (1528–1588) በጦር መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ 32 የባዶ እጅ አቋሞችን በሥዕል አስፍሯል። ታንግ ሃዎ (1897–1959) የተባለው የማርሻል አርት ታሪክ ተመራማሪ ከእነዚህ 32 አቋሞች 29ኙን በቼን መንደር ፎርሞች ውስጥ አገኛቸው። «ነጠላ ጅራፍ» የሚለው ስም ሳይቀር እዚያ አለ።

ጄኔራሉ እነዚህን አቋሞች ከየት አመጣቸው? በዘመኑ ከታወቁ የተለያዩ ቤቶች ለቅሞ። ይህንንም አልደበቀም። እንዲያውም እያንዳንዱ ቤት በአንድ ነገር ብቻ እንደሚጎብዝ፣ አንዱ በእግር ሌላው በእጅ፣ ስለዚህ አዋሕዶ መያዝ እንደሚሻል ጽፏል። የባዶ እጅ ትግል ለትልቅ ጦርነት እምብዛም እንደማይረዳና ዋና ጥቅሙ የጀማሪን እጅና እግር ማፍታታት እንደሆነም ተናግሯል።

ከጀርባው ያለው ምንጭ በግልጽ ተለቅሞ የተቀየጠ ከሆነ፣ «ንጹሕ ዘር» የሚለው ክርክር በምን ላይ ቆመ? በአፈ ታሪክ ላይ። ታንግ ሃዎ ሻውሊንን ከቦዲዳርማ፣ ታይ ቺን ከባሕታዊው ዣንግ ሳንፌንግ ጋር የሚያያይዘው ትረካ በታሪክ ማስረጃ እንደማይደገፍ በ1930ዎቹ መባቻ ጽፎ ነበር። ምላሹ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ሊደበድቡት የፈለጉ እንደነበሩ ይነገራል። መጽሐፍን በጡጫ መመለስ የተሸናፊ ልማድ ነው።

3. ከአንድ ከተማ፣ ሁለት እጅ

ከቻይና ውጭም ምስክር አለ። በደቡብ ቻይና ፉጂያን ግዛት «ሦስት ውጊያዎች» የሚባል ፎርም አለ፤ በጃፓንኛ ሳንቺን ይባላል። ሂጋኦና ካንርዮ (1853–1915) እና ኡኤቺ ካንቡን (1877–1948) የተባሉ ሁለት የኦኪናዋ ሰዎች በየጊዜያቸው ወደ ፉጂያኗ ፉዦ ከተማ ሄደው ተምረው ተመለሱ። ዛሬ ከሂጋኦና በመጣው የጎጁ ካራቴ ሳንቺን በተጨበጠ ጡጫ ይሠራል። በኡኤቺ ካራቴ በተዘረጋ እጅ።

የውርስ ተከራካሪው እዚህ ላይ የሚያየው እጁን ብቻ ነው። በትክክል የሚያነጻጽር ሰው ግን አንድ የሆነውን አስቀድሞ ያያል፦ ወደ ውስጥ የዞሩ እግሮች፣ ወደ ጎን የተሰበሰበ ክርን፣ ከትንፋሽ ጋር የተሳሰረ ጥንካሬ፣ ወደፊት የሚሄዱ አጫጭር እርምጃዎች። አጥንቱ ይህ ነው። ሁለት ቤቶች ሳይመካከሩ የጠበቁት ነገር የፎርሙ ዋና ሐሳብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የሚለያዩበት ደግሞ እያንዳንዱ መምህር ምን ላይ እንዳተኮረ ይናገራል። ንጽጽር ዕውቀት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የብሩስ ሊ መምህር የነበረው ኢፕ ማን (1893–1972) ሊሞት ሰሞን የዊንግ ቹን ፎርሞችን ሲሠራ በካሜራ ተቀርጿል። ፊልሙ ዛሬም አለ። ክርክሩን ግን አልዘጋውም፤ ደቀ መዛሙርቱና የእነሱ ደቀ መዛሙርት አሁንም «ለእኔ ያስተማረኝ ይለያል» ይላሉ። ምናልባት ሁሉም እውነታቸውን ነው። ጥሩ መምህር ለረጅሙና ለአጭሩ፣ ለፈጣኑና ለከባዱ አንድ ዓይነት አያስተምርም።

4. ክፍያው በማን ላይ ነው?

ይህ ሁሉ የጥቂት አፍቃሪዎች ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን የሚከፍልበት ሰው አለ፤ ተማሪው።

የትውልድ ሐረግ ሸቀጥ ሲሆን መምህሩ ስለ ችሎታው መጠየቁ ይቀራል። ተማሪው «ይህ እንቅስቃሴ ለምንድን ነው?» ሲል «ከጥንት የመጣ ነው» ይባላል። «ሰው ቢይዘኝስ?» ሲል «ገና አልደረስክም» ይባላል። ዓመታት ያልፋሉ፣ ወርሃዊው ክፍያ ይከፈላል፣ ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቻይና ቼንግዱ ከተማ የታይ ቺ መምህሩ ዌይ ሌይ ከቅይጥ ማርሻል አርት አሠልጣኙ ሹ ሺያዎዶንግ ጋር ሲገጥም ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የተዘረረው ለዚህ ነው። በዚያ ቀን የወደቀው «ፎርም» የሚባለው ነገር ሁሉ አልነበረም። የወደቀው፣ ስምና ዝና የልምምድን ቦታ ይተካሉ የሚለው እምነት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዳ አይደለም። አንድ ትውልድ ኩንግ ፉን ያወቀው በቪዲዮ ቤት ፊልም ነው። ዛሬም ልጁን ወደ ክለብ የሚልክ ወላጅ ማስተሩ ከየትኛው «ቤት» እንደወጣ ይነገረዋል፤ ልጁ ምን እንደሚማር ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። በዚህ አገር ደግሞ «ቤት» ማለት ምን እንደሆነ ይታወቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቤተልሔም፣ በአጫብር፣ በቆማና በተጉለት በየራሱ ስልት ይዘለቃል። ልዩነቱ አለ፣ ፉክክሩም አለ። ነገር ግን ማንም የአጫብርን ሰው ደብተራ አይደለህም አይለውም፤ የሚጠየቀው ያወጣው ዜማና ያስቀጸለው ድጓ ነው። የሚፈተነው በችሎታው እንጂ በቤቱ ስም አይደለም።

5. «ሁሉም እኩል ነው» የሚለውም ስንፍና ነው

እዚህ ላይ ሌላው ጎራ ይነሳል፦ «እንግዲያው ማንም ያሻውን ቢፈጥር ልክ ነው።» አይደለም። የቻይና የስፖርት መሥሪያ ቤት በ1956 ባለ 24 እንቅስቃሴውን አጭር ታይ ቺ በኮሚቴ አዘጋጅቶ አወጣ። ከያንግ ቤት እንደተወሰደ፣ ለሕዝብ ጤና ታስቦ እንዳጠረ በግልጽ ተነገረ። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ፎርሞች አንዱ ነው። ትላንት የተሠራን ፎርም «ከሺህ ዓመት በፊት ከመነኩሴ የመጣ» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ማጭበርበር።

ሁለቱን ለመለየት አራት ጥያቄ ይበቃል።

አንደኛ፦ እንቅስቃሴው ምን ይሠራል? መምህሩ በሰው ላይ ማሳየት ይችላል?

ሁለተኛ፦ ሌሎቹ ቤቶች ይህንኑ እንዴት ይሠሩታል? ልዩነቱ ከምን መጣ?

ሦስተኛ፦ ተማሪው በማይተባበር ሰው ላይ ይሞክረዋል ወይስ በአየር ላይ ብቻ?

አራተኛ፦ ቤቱ ስለራሱ ታሪክ የሚያውቀውንና የሚተርተውን ለይቶ ይናገራል?

ለጤና የሚሠራ ሰው ሦስተኛውን ቢያልፈው ምንም አይደለም፤ «ለትግል ነው» ተብሎ ከተሸጠለት ግን ማለፍ የለበትም።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚፈራ ቤት የመምህራኑ ዝርዝር ግድግዳ ቢሞላም ባዶ ነው። የማይፈራው ቤት ግን ዝርዝሩ ቢያጥርም ተማሪውን አያሳፍርም። ያንግ ሉቻንም ሱን ሉታንግም ያስተማራቸውን አክብረው የተማሩትን የለወጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በእነሱ ስም «አንድም ነገር አይነካ» የሚሉ ሰዎች የሚጠብቁት የመምህራኑን ሥራ ሳይሆን የራሳቸውን ወንበር ነው።