ለታማሚው ማን ይንገረው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ስድስቱን ቃላተ ወንጌል ያውቃል፤ የታመመውን መጠየቅ ከእነርሱ አንዱ ነው። በዚህ ረገድ ሕዝባችን አይታማም። ጎረቤቱ ሆስፒታል መተኛቱን የሰማ ሰው ብርቱካኑንና ወተቱን አንጠልጥሎ፣ የመጠየቂያውን ሰዓት ጠብቆ ይሰለፋል፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ይመለሳል። ውድ አንባብያን፣ ከአልጋው አጠገብ ቆማችሁ ሳለ በሽተኛው ዝቅ ባለ ድምፅ «ለመሆኑ ሐኪሞቹ ምን አሉ?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል? ምን መለሳችሁለት? ብዙዎቻችን «ደኅና ነህ፣ ትንሽ ጨጓራ ነው» ብለን ወሬ እንቀይራለን።

ጥያቄዋ ወደ እኛ የመጣችው አስቀድሞ ሊመልሳት የሚገባው ስላልመለሳት ነው። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ጠዋት ጠዋት ሐኪሞችና ተማሪዎች አልጋውን ከበው ይቆማሉ። በሽተኛው እንደ ተኛ ስለ እርሱ ይነጋገራሉ፤ ነገር ግን የሕክምና ትምህርቱም የካርዱ ጽሕፈትም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጠዋል። ፊታቸውን ያነብባል እንጂ ቃላቸውን አይሰማም። አንዱ ግንባሩን ቢቋጥር «አለቀልኝ» ይላል፤ ሌላው ፈገግ ቢል ተስፋ ያደርጋል፤ ፈገግታው ምናልባት ስለ ሌላ ነገር ነበር። ከገጠር የመጣና አማርኛ የማይናገር ከሆነማ ሁለት ቋንቋ ይጋርደዋል። አስታማሚው ደግሞ ወረቀት እየተሰጠው ለደም ምርመራ፣ ለራጅ፣ ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት ሲሮጥ ይውላል፤ ለምን እንደሚሮጥ ግን የነገረው የለም። ቢጠይቅ «ተረኛው ሐኪም ሲመጣ» ይባላል፤ ተረኛው ሲመጣ ደግሞ «የጠዋቱን ጠይቁ»። የቀዶ ሕክምና ስምምነት ቅጽ «እዚህ ላይ ፈርሙ» ተብሎ ይቀርብለታል፤ እርሱም ይፈርማል። እንዲህ ያለው ፊርማ ስምምነት ሊባል አይገባውም።

ለሐኪሞቻችን ፍርድ ልናጓድል አንወድም። እንቅልፍ ሳያይ አድሮ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ በሽተኛ የሚጠብቀው ወጣት ሐኪም ስንት እንደሚሸከም እናውቃለን። ይሁን እንጂ የሥራ ብዛት ሁሉን አይመልስም። የበሽተኛውን ስም ጠርቶ «ዛሬ ይህን እናደርጋለን፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው። ደግሞም ይህ መብት እንጂ ችሮታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው ምርመራንም ሕክምናንም እንቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል። ምን ሊደረግለት እንደሆነ ያልተነገረው ሰው እሺም እንቢም ማለት እንዴት ይችላል? ጌታችን እንኳ 38 ዓመት የታመመውን መጻጉዕን ባገኘው ጊዜ፣ ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን፣ መዳን ይወድድ እንደሆነ አስቀድሞ ጠየቀው።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በነጩ ጋዋን ላይ መጫን ይቀልለናል። ሐኪሙ እውነቱን ሊናገር ሲመጣ በር ላይ ጠብቆ «ለእርሱ እንዳትነግሩት» የሚለው ማን ነው? እኛ ነን። በሽታው ካንሰር ከሆነ ልጆቹ ያውቃሉ፣ አማቹ ያውቃል፣ ጎረቤት ሳይቀር ያውቃል፤ የማያውቀው የታመመው ሰው ብቻ ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ ይገባዋል፤ እነርሱ እንዳይጨነቁ ብሎ ያልገባው ይመስላል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም እየተዋደደ ሁሉም ብቻውን ይሆናል።

«ባህላችን ነው» የሚል አለ። እኔ ባህላችንን እንዲህ አላነብበውም። የመርዶ አነጋገራችንን ተመልከቱ፦ ሰዓት ይመረጣል፣ ብዙውን ጊዜ ማለዳ ነው፤ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዝ ክንድ ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ነገሩ እንዲነገር ነው፤ መርዶ የተደበቀበት ሰው ቅያሜው ስንት ዘመን እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን። ክፉ ወሬን በመተላለፊያ ላይ ቆመው የሚናገሩ ባለሙያዎች ከዚህ ልማድ ቢማሩ ደግ ነበር። እኛ ቤተሰቦች ደግሞ ጥንቃቄውን ይዘን መናገሩን ጥለነዋል።

በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 የተጻፈውን አስቡ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ነቢዩ ወደ ዘመዶቹ ወይም ወደ አማካሪዎቹ አልሄደም፤ ገብቶ ለራሱ ነገረው፣ ቤቱንም እንዲያሰናዳ አዘዘው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፣ አጥብቆም አለቀሰ። 15 ዓመት የተጨመረለት ከዚህ ልቅሶ በኋላ ነው። ባይነገረው ኖሮ ምን ብሎ ያለቅስ ነበር? በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት መታዘዙንም አትለፉት፤ ጸሎቱና መድኃኒቱ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው።

ነገሩ ለእኛ ለክርስቲያኖች የሚከብደው በዚህ ነው። ንስሐ አንደበትና አእምሮ ይፈልጋል። ቅዱስ ቁርባን ዝግጅት አለው። ምሥጢረ ቀንዲልም ሐዋርያው ያዕቆብ እንዳዘዘው ካህናት ተጠርተው ለሕሙማን የሚፈጽሙት ምሥጢር ነው። በእኛ ዘንድ ግን የንስሐ አባት የሚጠሩት ብዙ ጊዜ በሽተኛው መናገር ካቆመ በኋላ ነው፤ «ቀድመን ብንጠራቸው ሊሞት ነው ብሎ ይደነግጣል» ተብሎ። አባታችን መጥተው ይጸልዩለታል፣ በመስቀላቸው ይባርኩታል። ሰውየው ግን ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ 20 ዓመት ሳይነጋገር ቆይቶ እንደሆነ፣ ያልከፈለው ዕዳ ወይም የደበቀው በደል እንዳለበት ማን ይናገርለታል? ከድንጋጤ እንጠብቀው ብለን ከዕርቅ ከለከልነው።

ዝምታው ከበሽተኛውም ወገን አለ። ጸበል ቦታ ሰንብቶ የመጣ ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ እንደነበር ለሐኪሙ አይናገርም፤ ይቆጡኛል ብሎ ይፈራል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ በግልጽ አስተምራለች፤ ስለዚህ የሚያፍርበት ነገር የለም፣ ይናገር። እየጾመ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር በሽተኛም ለሐኪሙም ለንስሐ አባቱም ያሳውቅ፤ የጾም ሥርዓታችን የታመመን ሰው ያውቀዋል።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክፍል ሕሙማንን ሊጠይቅ ሲሄድ መዝሙር ዘምሮ ከመመለሱ በፊት ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። በመካከላችን ነርሶችና የሕክምና ተማሪዎች አሉ፤ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ አሉ። ዘመድ ለሌለው በሽተኛ ሐኪሙ ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ የሚያስተረጉምለት ይኑር። ዘመድ ያለው ደግሞ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመረጥለት፤ ጥያቄዎቹ ማታ በወረቀት ይጻፉ፦ በሽታው ምን ይባላል? መድኃኒቱ ለምንድን ነው? ቤት ከገባን በኋላ ምን ብናይ እንመለስ? ጠዋት ያው የተመረጠው ሰው ይቅረብ። ከሁሉ በፊት ግን በሽተኛውን ራሱን «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ «እኔ አልችልም፣ ሁሉን ለልጄ ንገሯት» ይላል፤ ይህም መልስ ነውና ይከበርለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።